ሦስት አራተኛ ነው ያልኩሽ ቀን

ውድ ሮንዳ፣

ስልክ ብትደውል አይሻልም ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ድምፅሽን ከሰማሁ ስለ አየሩ ጠይቄሽ፣ ስለ ጉልበትሽ ጠይቄሽ፣ ትንሽ ቀልጄ እንደምሰናበትሽ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ከቀልድ ሌላ ምን አወራን? ስለዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እጄ መሪ ይዞ ያረጀ እጅ ነው፤ ጽሑፌ ካስቸገረሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ባለፈው ሐሙስ ዮርክ፣ ተሳቢ ማጠቢያው ጋ ካገኘሁሽ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እዚያ መሥራት መጀመርሽን ሰምቼ ነበር፤ ግን መስማትና ማየት ይለያያል። እስከ ጉልበትሽ የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርገሽ፣ የውኃውን ቱቦ በትከሻሽ ተሸክመሽ፣ ከተሳቢው ውስጥ የዶሮ ደም እያጠብሽ ነበር። ልመለስ ብዬ ማርሽ ሳስገባ አየሽኝ።

«ኧረ ሽማግሌው! እስካሁን አልጣሉህም?»

«ማን ደፍሮ?» አልኩሽ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሳቅሁ።

ሊንከን ስላለው የጭነት መኪና ድርጅት ጠየቅሁሽ፤ ሥራ አመልክታለች ሲሉ ሰምቼ ስለነበር። «ምን ይላሉ፣ ያው እንደሌሎቹ ነው» አልሽኝ። «መጀመሪያ ‹ሰኞ ጀምሪ› ይላሉ፤ ከዚያ ፋይሌን ያዩና ስልክ አያነሱም። ያቺ ወረቀት እኮ ከእኔ ቀድማ ነው የምትደርሰው።» ያማረርሽ እንኳ አትመስይም፤ የደከመሽ ነበር የምትመስይው። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ከኋላ አየሽና «ዱዌይን፣ የግራው ጎማ ተበልቷል። በዚህ ሙቀት እንዳይፈነዳብህ» አልሽኝ።

አመሰገንኩሽ። ከግቢው ወጥቼ መንገዱ ዳር አቁሜ መሪው ላይ ተደፋሁ። ሰው ያኮረፈኝ፣ የሰደበኝ ብዙ ነው፤ ችዬዋለሁ። ያንቺ ለጎማዬ ማሰብ ግን አንጀቴን በላው።

የሹፌሮች መዝገብ ውስጥ ያለው ያ ወረቀትሽ ላይ «የድርጅቱን ነዳጅ በመሸጥ ተጠርጥራ የተሰናበተች» ይላል። ናፍጣውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ሮንዳ።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን አረፍ ብዬ የቀረውን ልንገርሽ።

ድርጅቱ ውስጥ ከአንቺ በቀር የማይሸጥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። «ላሟን ማለብ» ነበር የምንለው። የተሳቢውን ማቀዝቀዣ የናፍጣ ሰልባትዮ በድርጅቱ ካርድ እንሞላለን፣ ደረሰኙን እናስቀምጣለን፣ ከኦጋላላ ወዲህ የተዘጋው የሐብሐብ መሸጫ ጀርባ ቨርጂል በርሜል የጫነች ፒክአፑን አቁሞ ይጠብቀናል። በማደያው ዋጋ ግማሽ ይገዛንና ለገበሬውም ለአሮጌ መኪና ባለቤቱም ይቸረችረዋል። የማቀዝቀዣ ናፍጣ መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ስለማይፈቀድና ቀረጥ ስለማይከፈልበት ቀይ ቀለም ይገባበታል አይደል? ቨርጂል ቱቦውን እየሰካ ሁሌም ያቺኑ ቀልዱን ይቀልዳል። «እህሳ ዶክተር፣ ዛሬ ስንት ከረጢት ደም ትለግሰናለህ?»

አንቺ በዚያ ስታልፊ ጥሩንባ ትነፊበት እንደነበር ነግሮኛል። «ያቺ ሴትዮህ ፖሊስ ናት ወይስ መነኩሲት?» ይለኝ ነበር።

ለምን ጀመርክ ካልሽኝ፣ በንዴት ነው። ግሪሊ ያለው ፋብሪካ በር ላይ ለሰባት ሰዓት ያህል አስቁመውኝ፣ አለቃችን ሃውገን ደግሞ «ለመጠበቅ አልከፍልም፣ ለመንዳት ነው የምከፍልህ» ያለኝ ቀን። ታስታውሺያለሽ፤ ሁላችንንም አስቆጥቶን ነበር። የላቤን እንጂ የሰው አልወሰድኩም አልኩ ለራሴ። ንዴቱ በሁለት ወር በረደ፤ እጄ ግን ለምዶ ቀረ። በገንዘቡ ምን እንደገዛሁበት ብትጠይቂኝ አንድ ነገር ጠርቼ አልነግርሽም። ውኃ በላው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዚያ በሐምሌ ሙቀት፣ ከኮሎራዶ አይስክሬም ጭኜ መጣሁ። ማታ ኦጋላላ ሰልባትዮውን ሞላሁ፤ ጎህ ሲቀድ ቨርጂል ዘንድ አርባ ጋሎን ያህል አራገፍኩ። ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ኖርዝ ፕላት ግቢያችን ውስጥ ተሳቢ ልንለዋወጥ ተገናኘን። ሌሊቱን ስትነጂ ያደርሽ ነሽ፤ ዓይንሽ ቀልቷል። ባዶውን ሰጥተሽኝ የእኔን ልትወስጂ ነው።

ስንቀባበል ጎንበስ ብሎ የናፍጣውን መለኪያ ማየት ነውር ነበር። ነውር ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ያ ከዊቺታ የመጣው አዲሱ ሹፌር ተሳቢዬ ሥር ገብቶ መለኪያውን ሲያይ «ምነው፣ አዋላጅ ነህ እንዴ ሆዷን የምትደባብሰው?» ብዬ በሰው ፊት መሳቂያ ያደረግሁት ጊዜ አንቺም ሆድሽን ይዘሽ ስቀሻል። ከዚያ በኋላ ማንም የእኔን ተሳቢ አላየም። ቃሌ በቂ ነበር።

«ናፍጣውስ?» አልሽኝ በሩን እየከፈትሽ።

«ሦስት አራተኛ ነው፤ ቺካጎ ደርሶ ይመለሳል።»

«ተባረክ፤ ዛሬ ማደያ ተራ መጠበቅ አልችልም ነበር» ብለሽ ሄድሽ።

ትንሽ እንደቀረ አውቅ ነበር፤ ግን መለኪያውን አላየሁም፣ የቀረውም እስከ ማታ ያደርሳታል ብዬ አሰብኩ።

ኦማሃን አልፈሽ፣ ረፋድ ላይ በሕግ የተፈቀደልሽ የመንጃ ሰዓት አለቀና ለግዴታው የአሥር ሰዓት ዕረፍት ቆምሽ። «ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ጸጥታው ይቀሰቅሰኛል» ትይ ነበር። ያን ቀን ግን ግራና ቀኝሽ ሌሎች ባለማቀዝቀዣዎች ቆመው ሲያጓሩ የአንቺ መጥፋቱ አልተሰማሽም። ስትነቂ ተሳቢው እንደ ምድጃ ግሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ሞልቶና አስነስቶ ዝም ይል ነበር። አንቺ ግን ራስሽ ደውለሽ ተናገርሽ። ቺካጎ በሩ ሲከፈት ነጩ ወተት እግራቸው ሥር እንደፈሰሰ ሰማሁ።

ከዚያ የሃውገን ቢሮ። አንቺ በዚህ ወንበር፣ እኔ በዚያ። ደረሰኜን አወጣው፤ ሙሉ ይላል። «ስትሰጣት ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት አራተኛ» አልኩ። ምንጣፉን እያየሁ።

ወደ አንቺ ዞረ። እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው ያኔ ያልሽው ነው። «ዱዌይን ሦስት አራተኛ ካለ ሦስት አራተኛ ነው። ዋሽቶኝ አያውቅም። እኔ ተኝቼ ሳለ ሌቦች ቀድተውት ይሆናል።»

«ሌባ ሁሉ ‹ተኝቼ ሳለ› ነው የሚለው» አለና ሃውገን ሳቀ። በገዛ አፍሽ እኔን አውጥተሽ ራስሽን ስታስገቢ አጠገብሽ ተቀምጬ ዝም አልኩ። የመኪናሽን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፤ ስትወጪም ትከሻዬን መታ መታ አደረግሽኝ፣ እኔን፣ ላጽናናሽ የሚገባኝን ሰውዬ።

ማጠቢያው ጋ ባገኘሁሽ ማግስት፣ ባለፈው አርብ፣ ሃውገን ቢሮ ገባሁ። «ያን ናፍጣ የሸጥኩት እኔ ነኝ። የሮንዳን ወረቀት አስተካክልላት» አልኩት። አልደነገጠም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና በሩን እንድዘጋ ጠቆመኝ።

«ዱዌይን፣ አይስክሬም የሚያስጭነን ድርጅት ያልለቀቀኝ ሌባዋን አባርሬአለሁ ስላልኩት ነው። አሁን ደውዬ ‹ይቅርታ፣ ሌባው ሌላ ነው፣ አሁንም ያንተኑ ዕቃ እየነዳ ነው› ልበለው?»

«ሮንዳስ?»

«ሮንዳማ ጎበዝ ናት፤ ለምዳዋለች።»

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ጠርጥሬ ነበር። ግን አንተ ሦስት አራተኛ አልክ፣ እሷም አዎ አለች። ሁለታችሁ በተስማማችሁበት እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለኝ። ከዚያ የሰኞውን ጭነት ወረቀት ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። የመኪናውን ቁልፍ አስቀምጬ ወጣሁ።

ትናንት ባንክ ሄጄ፣ እዚያ ባለችው ውል አረጋጋጭ ፊት ቃሌን በመሐላ ፈርሜአለሁ። ማኅተም የምትመታዋ ልጅ አንብባው ቀና አለችና «አባቴ፣ ይሄ እኮ ሊያሳስርዎት ይችላል» አለችኝ።

«ገብቶኛል ልጄ፤ ምቺው» አልኳት።

ከመፈረሜ በፊት ግን አንዱን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ «መለኪያውን አላየሁም» ብዬ ነበር። ለአንቺ ስጽፍም እጄ ከላይ ያንኑ ደገመው። ላጠፋው አሰብኩና ተውኩት፤ ውሸቴን በእጄ ጽሑፍ እዪው። አይቼዋለሁ፣ ሮንዳ። አንቺ ከመድረስሽ በፊት ተንበርክኬ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ አየሁት። ከታች ካለው ቀይ መስመር ብዙም አልራቀም። እውነቱን ብነግርሽ ማደያ ትሄጂ ነበር፤ የት ሄደ ብለሽም ትጠይቂኝ ነበር። ያቺን ጥያቄ ፈርቼ ነው ሦስት አራተኛ ያልኩሽ። አይስክሬሙ ይቅለጥ ብዬ አይደለም። በአንቺ ፊት ሌባ መሆን አልቻልኩም፣ ይኼው ነው።

የፈረምኩበት ወረቀት በሦስት ቅጂ አብሮ ታሽጓል። አንዱ ለአንቺ፣ ሁለተኛው ለጠበቃ፣ ሦስተኛው ያን የሹፌሮች መዝገብ ለሚይዙት። አድራሻቸው ጀርባው ላይ አለ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጨቀጭቅሽም፤ ብታደርጊልኝ እወዳለሁ፣ ባታደርጊልኝም አይገርመኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አውቅሻለሁ፤ ወረቀቱን ይዘሽ «ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ምን ይሆናል» እያልሽ መሳቢያ ውስጥ ልትከቺው ትችያለሽ። እንዳታደርጊው። ሳትደውዪልኝ፣ ሳታማክሪኝ ላኪው።

አንዴ ለእኔ ብለሽ ተናግረሻል፤ ይበቃል።

ዱዌይን ኩቼራ
ግራንድ አይላንድ፣ ነብራስካ