የግማሽ ቀን እርማት

ውድ እታለም፣

ከተቀበርሽ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ትናንት የላብራቶሪ ደብተሬን ይዤ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄን የበላት ሥራ ምን ነበር?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

የእንቁራሪት እንቁላል ነው አልኳቸው። ከዳበረ በኋላ ሳያድግ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ይከፈላል፤ ሕዋሶቹ በየዙሩ ያንሳሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ክሮሞሶሞቹን ለሁለት የሚያካፍል፣ እንዝርት የመሰለ የክር ጥቅል አለ፤ ሕዋሱ ሲያንስ እሱም ያንሳል። ያንቺ ጥያቄ ስለ መጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሕዋሶች ነበር፤ እዚያስ እንዝርቱ ቤቱ በሰፋ ቁጥር ይረዝማል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል?

«እና?»

«ይረዝማል ብላ ጻፈች፣ እማማ። እኔ በሰጠኋት ቁጥር።»

በለካሁበት ቀን የማይክሮስኮፑን ሌንስ ቀይሬ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መለኪያ ሳልቀይር ቀረሁ። የትልልቆቹ ሕዋሶች እንዝርት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ወጣ። «ማስመሪያዬ፣ ስንት አልክ?» አልሽኝ። ቁጥሩን ስነግርሽ ትከሻዬን መታ አድርገሽ «የዛሬው ሻይ በኔ ነው!» አልሽ።

ጽሑፍሽ ከወጣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲለኩ የኛን ግማሽ አገኙ። ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ከመቀመጡ በፊት ደብተሬን ገልጬ ነበር፤ የጻፍኩት ሌንስና የኮምፒውተሩ መለኪያ አይገጥሙም። ሲጠይቁኝ ግን «ለክቼ ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም» አልኩ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። ቁጥሩን ከራሷ ፈጥራለች ብለው ከሥራ አሰናበቱሽ። እኔ እስካሁን እዚያው ነኝ።

እናትሽ ደብተሩን አገላብጠው አዩት።

«ይሄን ለማረም ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ግማሽ ቀን።»

አልሰደቡኝም። ደብተሩን ዘግተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህች መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ‹እማዬ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?› ትለኝ ነበር» አሉ። «ምን እላታለሁ? እኔ ምን አውቄ!»

ዛሬ ያደረግኩትን ሁሉ ለኮሚቴው ጽፌ፣ ደብተሩን ከላዩ አስቀምጬ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት በጊዜ ገብቼ ምስሎቹን አንድ በአንድ እንደገና ለካሁ። ይቆማል፣ እታለም። ሕዋሱ የቱንም ያህል ቢሰፋ እንዝርቱ ከአንድ ልክ አያልፍም።

ሰዎች ለምሳ ሳይወጡ ጨረስኩ።

«ማስመሪያዬ» የምትዪኝ