ምድጃ አጠገብ የቆመችው መኪና

ቬስተርሆልም ደሴት፣ ሰሜን ኖርዌይ
ማርች 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሱኒቫ፣

እንደምን ከርመሻል? እዚያ ቺሌ በጋችሁ እያለቀ ነው አሉ። እዚህ በረዶው ገና የኩሽናውን መስኮት እስከ ግማሹ ይዞታል። እናትሽ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። እኔም ከጉልበቴና ካንቺ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም። ለጉልበቴ ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቶኛል።

አባቴ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። በስልክ አልሆን ቢለኝ ነው። እሑድ እሑድ ስትደውዪ እናትሽ አውርታ አውርታ ሲበቃት ስልኩን ትሰጠኛለች። እኔ "እዚህ ነፋስ ነው፣ እዚያስ?" እልሻለሁ፣ አንቺ "ፀሐይ ነው" ትዪኛለሽ፣ ከዚያ መልሼ ለእናትሽ አቀብላታለሁ። እናትሽ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ነው የምታወራሽ፣ ከገና በኋላ "መኪናዋን ሽጡልኝ" ስትዪያት ዕቃ እያጠብኩ እሰማ ነበር። "አባትሽን ራስሽ ንገሪው" ስትልሽ ወሬ ቀየርሽ። እኔም እጄን ሳሙናው ውስጥ እንደነከርኩ ሳህኑን ማጠቤን ቀጠልኩ። እንግዲህ የመኪናዋን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የሄድሽ ቀን ወደቡ ላይ ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ "አባዬ፣ ሁለት ዓመት ናት። እስክመለስ ዝገት እንዳይበላት፣ አደራ" ብለሽኝ ነበር። ይኸው አምስተኛው ክረምት ነው። ልወቅስሽ አይደለም፣ የዓሣ እርባታ ሥራ እንደያዘ እንደማይለቅ አውቃለሁ። ግን አደራም አደራ ነው፣ እኔ ደግሞ አደራ በላ አይደለሁም።

ይህች ደሴት የብረት ጠላት መሆኗን ታውቂያለሽ። መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ከላይ ደግሞ ባሕሩ ይረጫል። እዚህ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማየቱ በፊት አጎንብሶ ሆዷን ነው የሚያየው። እኔ ታዲያ የልጄን መኪና እንደ ሌላው ሰው ውጭ አላሳድርም ብዬ መረቡንና የጀልባ ዕቃዬን ሁሉ ከጋራዡ አውጥቼ እሷን አስገባሁ። ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ። አባቴ ይሞቀው የነበረውን አሮጌ የእንጨት ምድጃ አጠገቧ ተከልኩና ክረምት ክረምት በየጠዋቱ አነድላት ጀመር።

እሑድ እሑድ ሰውና መኪና የሚያመላልሰው ጀልባ ሲገባ ወደቡ ድረስ ነድቻት እመለሳለሁ። ማንንም ልቀበል አይደለም፣ ጎማው እንዲዞር ነው። ስመለስ በረዶና ጨው እንደለበሰች ምድጃው ጎን አቆማታለሁ፣ በረዶው ጠብ ጠብ እያለ ይቀልጣል፣ እኔም ላይዋን በጨርቅ አደርቅና በሰም እወለውላታለሁ። ሰማያዊ ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። ከስሯ ግን አይቼ አላውቅም፣ ጉልበቴ አያስጎነብሰኝም።

እናትሽን መቼም ታውቂያታለሽ። "አንተ ሰውዬ፣ የኔን ጀርባ እንዲህ አሽተኸው ታውቃለህ?" ትለኛለች። ወደ ወደቡ ስወጣ ደግሞ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለች ትተርተኛለች። አብረሽኝ ሂጂ ብላት ሥራ አለብኝ ነው መልሷ። እኔ ግን ጋራዡ ውስጥ መሪውን ይዤ መቀመጥ ደስ ይለኛል። ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ የረሳሽው ቀዩ የፀጉር ማሰሪያ እስከ ዛሬ አለ። ቤቱ ሞቆ ከጠበቀሽ የምትመለሽ ይመስለኝ ነበር፣ ብርድ ቤት ማን ይመለሳል?

ሽጡልኝ ካልሽ በኋላ እናትሽ ነገሩን ለቲሪል ነገረቻት። ቲሪል አዲሷ ነርሳችን ናት፣ በየቤቱ እየዞረች የኛን የሽማግሌዎቹን የደም ግፊት የምትለካ ፈገግተኛ ልጅ። መኪናዋ ሞታባት በሰው መኪና ነበር የምትዞረው። ልታያት ስትመጣ ጎረቤታችንን ሃልቫርን ይዛው መጣች። ሃልቫር ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲበይድ ኖሮ አሁን በግ የሚያረባው ነው፣ አልረሳሽውም መቼም።

ቲሪል ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ "አባባ ኦድቫር፣ ይቺ እኮ ሙሽራ ናት" አለች። ደረቴን ነፋሁ። ሃልቫር ግን ላይዋን አላየም። በክሪክ አነሳትና መብራት ይዞ በጀርባው ከስሯ ገባ። ቆየ። ከዚያ ካቻቪቴ አቀብሉኝ አለ። ከበሩ ስር ያለውን ብረት ጫን ሲያደርገው ካቻቪቴው እንደ እርጥብ ዳቦ በስቶት እስከ እጀታው ገባ። ቀይ ዱቄት ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ወጥቶ ልብሱን ሲያራግፍ መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፣ ምድጃውን ነው።

"ይሄን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኛ። እንዳይበርዳት ብዬ።"

"ኦድቫር፣ ጨው በብርድ ይተኛል እኮ። አንተ በየጠዋቱ እሳት እያነደድክ ቀሰቀስከው። የኔዋ አሮጊት መኪና ክረምቱን ሙሉ በረዶ ላይ ነው የምታድረው። ሂድና ሆዷን እይ።"

ሳልወድ በግድ ሄጄ፣ እያቃሰትኩ ተንበርክኬ አየሁ። የሱ መኪና ላይዋ የተቧጨረ፣ መስታወቷ በሽቦ የታሰረ ናት፣ ሆዷ ግን ደህና ነው። የኔዋ ላይዋ ሙሽራ፣ ከስሯ ወንፊት። ነፋሱን ስለደፈንኩበት እርጥበቱም መውጫ አጥቶ እዚያው ሲበላት ከርሟል። አምስት ክረምት ሙሉ ከሚበላት ጠላት ጋር አንድ ቤት ውስጥ ዘግቼባት እሳት ሳነድላቸው ነበር።

ቲሪል እንዲህ ሆና ልገዛት አልችልም ብላ እያዘነችልኝ ሄደች። አፈርኩ ልጄ። ግን አልዋሽሽም፣ ከሃፍረቱ ስር ደስታም ነበረ። አልተሸጠችማ። ካልተሸጠች ባለቤቷ ትመጣለች ብዬ እንደ ሕፃን አሰብኩ። እናትሽ ፊቴን አየችና፣ "ደስ አለህ፣ አይደል?" አለችኝ። ቱግ ትላለች ብዬ ስጠብቅ የጃኬቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆልፋልኝ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ምድጃውን አወጣሁ። የደፈንኩትንም ሁሉ ከፈትኩ። ሃልቫር የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ አዲስ ብረት በየደላት። እኔ የቀረውን ዝገት ቶሎ ቀለም ቀብቼ ልሸፍነው ስል ብሩሹን ከእጄ ቀማኝ። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ለዝገቱ ብርድ ልብስ ነው፣ መጀመሪያ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፈገፈጋል አለኝ። ክንዴ እስኪዝል በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ከዚያ ከስሯ በንጹሕ ውሃ አጠብናት፣ ነፋስ አደረቃት፣ የዝገት መከላከያውን ቀባናት፣ በመጨረሻም ከበግ ጠጉር የሚወጣውን ቅባት አሙቀን ሆዷንና የበሮቿን ውስጥ ሁሉ ረጨንላት። አሁን በግ በግ ትሸታለች። የሃልቫር አውራ በጎች አጥር ጥሰው መጥተው ከበው ሲያሸቷት እናትሽ በመስኮት ሆና፣ "ይኸው፣ መኪናህ ዘመድ አገኘች" ብላ እስክታስል ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ቲሪል ሰምታ ተመልሳ መጣች፣ አሁንማ እገዛታለሁ አለች። አልሸጣትም አልኳት። ደግሞም አላቆማትም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሥራሽ ንጂያት፣ ማታ ማታ ከስሯን እጠቢያት፣ እሑድ ግን የኛ ናት አልኳትና ተስማማን። አሁን በየበሽተኛው ደጅ ሰማያዊ መኪናሽ ቆማ አያታለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ይህን ያለ ሰው መኪና አቁሞ አያውቅም።

እንግዲህ ከጻፍኩ አይቀር ሌላም ነገር አለ። ስትደውዪ ከጀርባሽ ትንሽ ድምፅ ይሰማል። የጎረቤት ልጅ ነው ብለሻል። እኔ ዕቃ ሳጥብ ጆሮዬን አልደፍንም፣ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ሰውን "ማማ" ብሎ አይጠራም። እናትሽ ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፣ እሷም አንስታው አታውቅም፣ እኔም አላነሳሁባት። አልጠይቅሽም ልጄ። ከማን ነው፣ እንዴት ነው አልልም። ስትነግሪን እንሰማለን፣ እስክትነግሪን እንጠብቃለን። ብቻ ለኛ ብለሽ ላይ ላዩን አትወልውዪው።

ትናንት እሑድ ነበር። ወደ ወደቡ ልወጣ ሞተሩን ሳስነሳ እናትሽ ያንን ጥሩ ካፖርቷን፣ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ የማታወጣውን፣ ለብሳ ከቤት ወጣች። ምን ነካት ብዬ ወርጄ የፊቱን በር ከፈትኩላት። አልፋኝ ሄዳ ከኋላ ገባች።

"ምነው ከኋላ?" አልኳት።

"የፊቱ የሱኒቫ ነው" አለችኝ። "እኔ ከትንሹ ጋር እቀመጣለሁ።"

በሩን ዘጋሁላት። ወደ ወደቡ ነዳሁ። ጀልባው ገባ፣ መኪኖቹ ወርደው በፊታችን አለፉ፣ በእግራቸው የወረዱትም ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱንም እናውቃቸዋለን። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳያት እጇን አጠገቧ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ዘርግታ ወደ ባሕሩ ትመለከታለች። የጀልባው በር እስኪነሳ ድረስ ጠበቅን።

"በል ንዳ" አለች፣ "ጨዉ ሳይደርቅባት ወስደን እንጠባት።"

ወሰድናት፣ አጠብናት። እሷ ውሃውን ይዛ እኔ እየጠቆምኳት፣ ከስሯም ጭምር።

እግዚአብሔር ካንቺም፣ እጅሽን ከያዘውም ጋር ይሁን። ባሕሩ ይተኛላችሁ፣ እንጀራችሁ ይባረክ፣ እንቅልፋችሁ ይጣፍጥ። እናትሽ ሁለታችሁንም ሳሚልኝ ብላለች፣ እንደዚያው ጻፍ ስላለችኝ እንደዚያው ጽፌዋለሁ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ፣
ኦድቫር

ቁልፉ እንደ ድሮው መኪናዋ ላይ ተሰክቶ ነው ያለው። የኋላውን ወንበር ቀበቶ ዛሬ ጠዋት ቲሪል መኪናዋን ሳትወስድ ሞከርኩት፣ ይሠራል።