የኖራው መስቀል

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

በቆሎ በኖራ ቀቀልኩ። ባሌ ፋውስቲኖ ሽመናው ላይ ነው፤ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ብቻ ቀርቶታል። በርበሬ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ አነበብኩለት። የጥንት ሳፖቴኮች፣ አያቶቻችን፣ ሙታናቸውን ከቤታቸው ወለል ስር ይቀብሩ ነበር ይላል። ቀሪው ተቀዷል።

“እኔን ከምድጃው ስር ቅበሪኝ። ብርድ አልወድም” አለ።

“አፍህን ያዝ!”

“እዚህ ሚትላ ተወልደሽ አንድ ቀን እንኳ የጥንቶቹ መቃብር ውስጥ አልወረድሽም። እሁድ እወስድሻለሁ።”

እሺ አልኩት። ዝም እንዲል ያህል...

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ፋውስቲኖ እሁድ ሞተ። ሽመናው ላይ እንደተቀመጠ። ልቡ ነው አሉ።

ሬሳው ባረፈበት ወለል ላይ እንደ ወጉ የኖራ መስቀል ሠሩ። የኔው ኖራ ነው፣ የበቆሎው። እንዳልረግጠው ዙሪያውን እሄዳለሁ። ዛሬ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ሳገላብጥ ጣቴ ተቃጠለ። ያወቅኩት ሲያብጥ አይቼ ነው። አላመመኝም። ለምን?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ከተቀበረ ዘጠነኛው ቀን። ጸሎት መሪው መስቀሉን ሊያነሳ መጣ። ኖራው ተጠርጎ መቃብሩ ላይ ካልፈሰሰ ነፍሱ ከቤት አትወጣም።

“ዛሬ አይሆንም” አልኩ።

የባሌ እህት ፊደሊና ሰው ፊት ጮኸች። “አንቺ ሴት! ወንድሜን በር ላይ ልትገትሪው ነው? መንገደኛ እኮ ነው!”

“ይቆይ።”

“ማንን እየጠበቀ?”

ሁሉም ወጡ። የሠራሁት ሞሌ ወጥ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ዶሮዋ የመስቀሉን አንድ ክንድ በተነችው። በአዲስ ኖራ ሞላሁት። ሳላለቅስ እንዴት ይሂድ? ...እንባው ግን የለም።

እሁድ፣ ማርች 2

ወደ ጥንቶቹ መቃብር ብቻዬን ሄድኩ። ጠባቂው ዶን ሜልኪያዴስ፣ የፋውስቲኖ ጓደኛ፣ በሩ ላይ ብርቱካን ይልጣል።

“ጎንበስ በይ እህቴ። እነዚህ ሰዎች በራቸውን ለኩራተኛ አልሠሩትም።”

ጎንበስ ብዬ ወረድኩ። ባዶ ነው። አጥንት የለም፣ ሸክላ የለም።

“የት ሄዱ?”

“ገሚሱን ሌባ፣ ገሚሱን ሙዚየም ወሰደው። ድሮም አይረጉም ነበር። አዲስ ሟች ሲመጣ የቆየውን ወደ ጥግ ይገፉታል።”

“ቅር አይላቸውም?”

“እስካሁን አቤት ብሎ የመጣ የለም።”

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግድግዳውን በዓይኔ ዞርኩት። ክፍሉ በአራት በኩል ክንድ አለው... መስቀል ነው። መሃሉ ላይ ቆሜያለሁ። በቤቴ ስንት ቀን ዙሪያውን የሄድኩትን፣ እዚህ ሳላውቅ ረግጬዋለሁ። ማንም አልጮኸም።

ስመለስ የፊደሊና በር ላይ ቆምኩ። “ነገ መስቀሉን ለማንሳት ኑ” አልኳት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ትናንት መስቀሉ ተነሳ። ጸሎት መሪው እያነበነበ፣ እኔ ኖራውን በአበባ ጠረግኩ። ፊደሊና ሳህኑን ያዘችልኝ።

“ፊትሽ ኖራ ሆኗል” አለችኝ።

“ያንቺም።”

መቃብሩ ላይ አፈሰስነው። ከዚያ ቤት ገብታ አዲስ የሠራሁትን ሞሌ በላች። “ጨው አንሶታል” ብላ ሌላ ሳህን ደገመች።

ዛሬ ጠዋት ምድጃ ልለኩስ ተነሳሁ። ዙሪያውን አልሄድኩም፤ መስቀሉ የነበረበትን በቀጥታ አቋረጥኩ። በባዶ እግሬ። መሃሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ወለሉ ለካ ይሄን ያህል ይቀዘቅዛል።