ጭስ ማውጫው የተኮሰ ዕለት

ቶሎሳዬ፣

ከተለያየን ስድስት ክረምት አለፈ። ልጃችን ሌንሴ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ጉደር መውጫ ያለውን ጋራዥህን አላከራየሁትም፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳዎች ግን አስደፈንኳቸው። ፀሐይ በእነሱ ስትገባ ማየት አልቻልኩም።

ያቺን ቀን በወረቀት ሳሰፍራት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አምቦ ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ይሰማባት ነበር፤ መገንጠያው ላይም የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። ጋራዡን ዘግተን እንዳንሄድ ከካቺሲ የመጡት ደንበኛችን ኦቦ ደበላ ሚስታቸው ቤት ታመውባቸው፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱባት አሮጌ ፒካፓቸው እምቢ ብላቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንተ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አላልተህ በጥቂት በጥቂቱ ታዞራለህ፤ እኔ መሪው ጋ ሆኜ ቁልፍ አዞራለሁ።

«ካንዴላው እሳቱን የሚሰጠው ዘግይቶ ነው» አልከኝ። ሞተሩ ተነሣና ጭስ ማውጫው ጓ! ብሎ ተኮሰ። ሳቅን። «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አልክ። ደገምኩ። ጓ!

ቀጥሎ የሰማሁት ተኩስ ግን ከውጭ ነበር። ቆርቆሮው ተበሳሳ። አንገትህን ይዘህ ሞተሩ ላይ ተደፋህ፤ ደምህ በጋለው ብረት ላይ ጨሰ። መሬት አስተኝቼህ ሻሼን ቁስልህ ላይ ስጫን መገንጠያው ላይ ከቆሙት ታጣቂዎች ሦስቱ በሩን በርግደው ገቡ።

«መሣሪያው የት አለ?» አለ አንዱ። አፌን ሳልከፍት መንጋጋዬን በሰደፍ መታኝ። ጥርሴን ተፍቼ በጣቴ ጭስ ማውጫውን አሳየሁት። አላመነኝም። «አስነሺው!» ብሎ በጸጉሬ ጎተተኝ። እጄ ከቁስልህ ላይ ተነሣ። ደም በነከረው ጣቴ ቁልፉን አዞርኩ። ጓ!

እርስ በርስ ተያዩ። መሣሪያቸውን አንግተው ወጡ።

ኦቦ ደበላ ከተኙበት መሬት ተነሥተው በዚያችው መኪና ወሰዱን። በተኮሰች ቁጥር መንገደኛው መሬት ላይ ይደፋል። «ጃባዱ ልጄ፣ በርቺ» ይሉኛል። ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ ጭኔ ላይ እስትንፋስህ ቆመ።

ከአርባህ በኋላ ኦቦ ደበላ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ያቺን መኪና ደጃችን ቆማ ሳያት መዶሻ አነሣሁ። ዲስትሪቢዩተሩን አደቀቅኩ፣ መስተዋቱን፣ መብራቱን። ኦቦ ደበላ ቆመው አዩኝ እንጂ አልከለከሉኝም። ሚስታቸው አንተ በሞትክበት ሳምንት መሞታቸውን የነገሩኝ እጄ ሲዝል ነው። አፈርኩ። ሌላ ዲስትሪቢዩተር ገዝተው መጡ፤ ሦስት ቀን ታግዬ እኔው ገጠምኩት። ሳይተኩስ ሲሠራ እሳቸው አለቀሱ፤ እኔ አላለቀስኩም። አሁን አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ሞተሩን ሳስነሣ ዐይንህ ክፍት ነበር። ትቼህ የሄድኩ መስሎህ ይሆን? አልተውኩህም፤ ጎትተውኝ ነው።

ሌንሴን ዘመዶቻችን «አባትሽ በግርግር ሞተ» እያሉ አሳድገዋታል። ዘንድሮ ሁሉንም እነግራታለሁ። እኔና እሷ እያለን ማንም ታሪክህን በአንድ ቃል አሳጥሮ አያወራም።

ያንተዋ ጫልቱ