ከገንዳው ጎን ያነሳሁት ወንበር

መጋቢት 12

ለልጄ፣ ለአለቃዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል እንጂ።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ያን ሁሉ ኮተት ጣልና ቤቱን አከራይተህ እኛ ጋ ና» ስትይኝ አስብበታለሁ ብዬሽ ነበር። አሰብኩበት። መልሴን ከመስማትሽ በፊት ግን የሆነውን ልንገርሽ።

ጠባዬን ታውቂዋለሽ። የሰፈሩ ሰው ቆሻሻ ገንዳው ጋ የሚጥለውን ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ድስት እጀታው ስለላላ ይጣላል? ጃንጥላ አንድ ዘንጉ ስለታጠፈ? እናትሽ ነፍሷን ይማረውና «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሚስት ለቅመህ ትመጣለህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እና ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከገንዳው ጎን መቀመጫው የረገበ ወንበር አገኘሁ። ገመዱን ቀየርኩ፣ እግሩን በሙጫ አጠበቅኩ፣ ቀለም ቀባሁት። ከላይ ፎቅ አዲስ ጎረቤት ገብታለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት ወንበሩን ተሸክሜላት ወጣሁ። ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ውይ! ይሄ እኮ እኔ የጣልኩት ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በሉ ይግቡ፣ በገዛ ወንበሬ ይቀመጡ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የሚበላሽ ዕቃ በዛባት። አንዴ የመሳቢያ እጀታ፣ አንዴ የግድግዳ ሰዓት። እኔም ሥራ ፈትቼ ነበርና ደስ አለኝ። በኋላ ልብ ብዬ ሳይ የእጀታው ብሎን በራሱ አልወለቀም፤ በመፍቻ ተፈትቷል። የሰዓቱም ባትሪ ተገልብጦ ነው የገባው። ብሎኑን አጥብቄ፣ ባትሪውን አዙሬ «ተሠርቷል» አልኳት።

ሲያልቅ አያምር ትይኝ ይሆናል። በይኝ። እናትሽን አልረሳኋትም፤ ዛሬም ሁለት ብርጭቆ አውርጄ አንዱን እመልሳለሁ። ግን ልጄ፣ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ከብዶኝ ነበር፣ አሁን ቀለል ብሎኛል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። ቅር እንዳይልሽ እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የምፈራው ሰው ካንቺ በቀር የለኝም።

ስለዚህ ቲኬቱን አትቁረጪ፣ የኔ እመቤት። ልጠይቃችሁ እመጣለሁ፤ ለመኖር ግን አይሆንልኝም፣ እዚህ ሥራ አለብኝ። ትናንት ሴትዮዋ ካውያዋን አምጥታ «አልሞቅ አለኝ» አለችኝ። እንደወጣች ሰካሁት፤ ወዲያው ጋለ። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኘንና «እንዴት ሆነልዎ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ብልሽቱ ከባድ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል» አልኳት።

ልጆችሽ እንዳንቺ ደግ ሆነው ይደጉልሽ፤ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። መልስሽ ምንም ይሁን ምን ምርቃቴ አይጎድልብሽም። ብቻ አታዘግዪብኝ።

አባትሽ