የመጋዙ መከለያ

ወልዲያ፣ ግንቦት 28

ለምወድሽና ሰሞኑን ለተቆጣሽኝ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የመርሳ ሙቀት በዚህ ወር እንደሚያደክምሽ አውቃለሁ። እህቴ ፌቨንስ ደህና ናት? እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉም የሰጋቱራ ነው፤ ምራቄ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ግራ ጆሮዬ ደግሞ መጋዙ ከቆመ በኋላም ሲጮህ ያድራል። እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነበር፣ አሁን መደበቅ ሰልችቶኛል።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ አይዘጋም። ፌቨን፣ ስታነቢላት አንድም መስመር እንዳታልፊ፤ ያስቆጣታል የምትይው ቦታ ዋናው ነው።

አንቺ የሰማሽው ከወንድምሽ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት አፍ ነው። አጎቴ ማለቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። እሱ እንደሚለው፣ የሥራ ባልደረባዬ እስራኤል በግንቦት ሚካኤል በዓል ሽሮ ሲሠራ መልአኩ ቀጣው፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ሄዱ። ከተማው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። የእስራኤል እናት እትዬ ፋንቱ እንኳ አምነው፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ልጄን ማርልኝ እያሉ ሚካኤልን ሲለምኑ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ አፍራለሁ።

እስራኤል እኮ ጠዋት ዛሬ በዓል ነው፣ አንሥራ ብሎት ነበር! ወንድምሽ ግን እንጨቱ ዛሬ ካልተጫነ ነገ እዚህ ደጅ እንዳላያችሁ አለን። ይህን ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኛ ማሽኑን አስነሳን።

ከመጋዙ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከልል ብረት አለ፣ መከለያ እንለዋለን። ወንድምሽ ወፍራም ባሕር ዛፍ አያሳልፍም፣ ሥራ ያጓትታል ብሎ ጥር ላይ አስወለቀው። ከዚያ ወዲህ ሰጋቱራ እንዝቅበታለን። ግንዱ ሲንሸራተት የእስራኤል እጅ የገባው መከለያው በነበረበት ቦታ ነው። ያየሁት በአንድ ክንድ ርቀት ሆኜ ነው። ወንድምሽ ከቅዳሴ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው እንጨቱ ተጭኖ እንደሆነ ነው።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። ወንድምሽ ወረቀት አጽፎ መጣ። እስራኤል በበዓል ቀን በገዛ ፈቃዱ ሲሠራ ተጎድቷል፣ ወደፊት ምንም አይጠይቅም ይላል። ወንድምሽ ደግሞ በዓሉ ስለ ተሻረ ለቤተ ክርስቲያን ዘቦ ጥላ ሊያስገባ ቃል ገባ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ፣ ለእስራኤል ጸበል! እስራኤል በግራ አውራ ጣቱ እንዲፈርም ቀለም ቀረበለት። ምስክሩ እኔ ነበርኩ። አንቺም በሰው የላክሽብኝ ይህንኑ ነበር፤ ፈርም፣ አባትህ ከሞተ ወዲህ ያጎረሰህን እጅ አታዋርድ።

ያጎረሰኝ እጅ መሆኑን አልክድም። ግን አያ አለሙ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ብዕሩን ሲያቀብሉኝ ተነሣሁ። እባካችሁ መልአኩን ተዉት፣ ሚካኤል ብሎን አይፈታም፣ ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አራት ብሎን፣ በወንድምሽ ትእዛዝ፣ በእኔ እጅ። መጋዙ በዓልና አዘቦት አይለይም፣ በዋዜማውም ቢሆን ይቆርጠው ነበር አልኩ። ወንድምሽ አንተ ውለታ ቢስ ብሎ ከዘራውን ሲያነሣ አያ አለሙ ያዙት። እስራኤል አልፈረመም። እትዬ ፋንቱ ግን ፊቴን ትክ ብለው አይተው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ከዘራው ቢያርፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። የጻፈችው ልጅ አንተም እኮ ትጠየቃለህ አለችኝ። ልጠየቅ፣ ጻፊው አልኳት። ከሥራ ተባርሬያለሁ። ግን በየጠዋቱ መሰንጠቂያው በር ላይ እቆማለሁ፣ ለሚገባው ሁሉ መከለያው የት እንዳለ እናገራለሁ። ወንድምሽ ፖሊስ እጠራለሁ ሲል ጥራው፣ ለሱም እነግረዋለሁ አልኩት። ከትናንት ጀምሮ የቀሩት ሁለቱ ሠራተኞች መከለያው ካልተገጠመ ማሽኑን አናስነሣም ብለው ተቀምጠዋል። እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቢሮዋ ልጅ በመጨረሻ፣ በበዓል ቀን ያን ያህል ያስቸኮላችሁ የማን እንጨት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። የዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።

እናቴ፣ ቤትሽን አስጨርሺ። በሚካኤል ዕለት የተጫነልሽ የጣሪያ ሞራሌ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን አስመቺ። አንዱ ሞራሌ ላይ የተላገ ቦታ አይተሽ ግራ ገብቶሽ ከሆነ፣ መኪናው ላይ ከመጫኑ በፊት የላግሁት እኔ ነኝ። ደሙ በደንብ ለቋል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ፌቨንን በእናት ወግ ለመዳር ያብቃሽ። ሚካኤልም ከደጅሽ አይጥፋ፣ እኔ ከሱ ጋር አልተጣላሁም።

ጉልበትሽን የሚስም
በኩር ልጅሽ