መስከረም ላይ ያልነገራችሁኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሐጂራ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለም? እግርሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽ ዕረፍት ይሰጡሻል? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ስልክ ስንደዋወል ሁለታችንም ዝም ስለምንል፣ የጎረቤታችን ልጅ ኑርሃን ወደ እናንተ ስትመለስ ይህን ጽፌ አስያዝኳት።

የምርቃቱ ዕለት የምክትል መቶ አለቃነቱ ኮከብ ትከሻዬ ላይ ሲደረግ፣ ዓይኔ ሕዝቡ ውስጥ አባባን ይፈልግ ነበር። የመጡት አጎታችን ሙሀሲን ብቻ ናቸው። "አባትህን ወገቡን አሞት ረጅም መንገድ አልቻለም" አሉኝ። አመንኳቸው። አንቺም በስልክ "ማሽላ ጥበቃ ላይ ናቸው፣ ስልካቸው ተበላሽቷል" ስትዪኝ አምኜሽ ነበር።

ወደ ቤት ስንመጣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም፣ አጎቴ ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱኝ። "ኑዕማን፣ አሁን ሰው ትመራለህ፤ ልብህን ጠንከር አድርግ። አባትህ መስከረም ላይ ወደ አኺራ ሄደ" አሉኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "ማሽላው ታጨደ ወይ?" አልኳቸው። ደንግጠው አዩኝ። "አዎ፣ ጎረቤት ተረባርቦ አጨደው" አሉ። ከዚያ ገብተን ምሳ በላን። የቀረበልኝን ጨረስኩ።

ቤት ስንደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። የቀወቱ የአባባ ወዳጅ ጋሼ ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እንኳን ለዚህ አበቃህ" አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ "እግዜር ያጥናህ" ብለው አለቀሱ። ለሁለቱም "አሜን" አልኩ። "ሳይመረቅ እንዳትነግሩት" ያሉት፣ ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ራሳቸው አባባ መሆናቸውን እማ ነገረችኝ። ልቆጣ ሞከርኩ፤ ቁጣው አልመጣም። በማግስቱ መቃብራቸው ጋ ሄደን ፋቲሃ ስንቀራ አጎቴ "ሰልፍ ላይ አይደለህም እኮ፣ ቁጭ በል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። እንባ ግን እስካሁን የለም። ሰው ጠንካራ ነው ይለኛል። እኔ ጥንካሬ አይመስለኝም፤ ክንድሽ ላይ ተኝተሽ ስትነቂ እንደሚደነዝዘው ነው።

ይኸውልሽ እታለም፣ ብዕር ያነሳሁበት ነገር ሌላ ነው። የገባሁ ዕለት እማ ያወቀችኝ በድምፄ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ የምትወጣው የምትገባው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። "ለሐጂራ እንዳትነግራት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብላ ለምናኛለች። እሺ አላልኳትም። በሰው አገር መንገድ ዳር ቆመሽ ከሌላ ሰው እንድትሰሚ አልፈልግም። ወደ ምድቤ ከመሄዴ በፊት ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳክማታለሁ፤ ሐኪሙ የሚለውን ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። አንቺም የትም ብሆን እንደዚሁ አድርጊልኝ።

አጎታችን ሙሀሲንና ባለቤታቸው ሰሊማ ሰላም ብለውሻል። ታናሻችን ሱፍዋንን በጣም ናፍቀሽዋል። ጋሼ ተሰማ "እግዜር በሰላም ያግባት" ብለዋል። እማ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የምጽፈውን አታይም። "ደህና ናት ብለህ ጻፍላት" እያለችኝ ነው።

ወንድምሽ ኑዕማን
ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.